የተጣበቀች እንዝርት

ጥፋቱ የእኔ ነው። ከዚህ ልጀምርና ይውጣልኝ፤ ኋላ “የሰው ጣጣ ያወራል” እንዳልባል።

ነቀምቴ፣ ጨለለቂ፣ እኛ ሰፈር አንዲት ትልቅ ሴትዮ አሉ። ትንሽ ትልቁ “አኮ” ነው የሚላቸው፤ በኦሮምኛ አያት እንደማለት ነው። አኮ ደጃቸው ላይ ዝቅ ያለች በርጩማቸውን አስጠግተው ይቀመጡና ጥጥ ይፈትላሉ። ቡና እስኪፈላ ይፈትላሉ። ለቅሶ ደርሰው ሲመለሱ እግራቸውን እያሳረፉ ይፈትላሉ። ባጃጁ ከፊታቸው እየተንጫጫ ሲያልፍ ቀና ብለው እንኳ አያዩም። የሚገርመው ደግሞ ክሩንም አያዩትም። የሚያየው ጣታቸው ነው።

አንድ ጊዜ የማውቃቸው ሰዎች የባህል ቀን ሊያከብሩ ተነሡና “ጥንታዊ ዕቃ ያለው ያውሰን” አሉ። እኔም ለባህል ተቆርቋሪ መሆኔን ለማሳየት ፈጥኜ እጄን አወጣሁ። ወደ አኮ ሄድኩ።

“አኮ፣ እንዝርት ያውሱኝ” አልኳቸው።

“የቱን?”

“ጥንታዊውን።”

“ጥንታዊውማ እኔ ነኝ” ብለው ሳቁ። ከዚያም ከጥጥ መሶባቸው ሥር አንዲት እንዝርት አወጡልኝ። እናታቸው የፈተሉባት ናት። ክቧ ከቀንድ የተሠራች፣ ከጣት ብዛት ጠቁራ እንደ ቡና የምታብለጨልጭ። “ተመላሽ ናት፤ ሥራ አላት” አሉኝ። ይቺን ቃል ልብ በሉልኝ።

በዓሉ ደመቀ። እንዝርቷ ከጋሻና ከማሰሮ መሃል ግድግዳ ላይ በሚስማር ተሰቀለች። ከሥሯ “ጥንታዊ የፈትል መሣሪያ” የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ሰው መጣ፣ አየ፣ ፎቶ ተነሣ፣ ሄደ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ልመልሳት ስሄድ፣ ዕቃውን ሲያወርዱ ክቧ ከዘንጉ ወልቃ እንደነበር ነገሩኝ። “ግን አታስብ፣ በደንብ አጣብቀናታል፤ ከበፊቱ ጠንክራለች” አሉኝ። እውነትም ጠንክራለች። በሱፐር ግሉ ተጣብቃለች።

አኮ ተቀበሉኝና አገላብጠው አዩዋት። ምንም አላሉም። አመልማሎ አነሡ፣ ክሩን ከጫፏ አገናኙና ጭናቸው ላይ አሾሯት። እንዝርቷ ሁለት ሦስት ዙር እንደዞረች መንቀጥቀጥ ጀመረች። ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘች። ክሩ ጠብ ብሎ ተበጠሰ። እንደገና ሞከሩ፤ እንደገና ተበጠሰ።

“ኢልማ ኮ” አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። “ይቺ አትፈትልም። ትጨፍራለች።”

*

እንግዲህ ያቺ ጠብታ ሙጫ ምን እንዳበላሸች ለማወቅ ከአኮ አጠገብ ተቀምጬ መጠየቅ ያዝኩ። ይህን ያህል ዘመን “እንደ እንዝርት የምትሾር ሴት” እያልኩ ስናገር ኖሬ፣ እንዝርት እንዴት እንደምትሾር አለማወቄ ያኔ ነው የገባኝ።

እንዝርት ሲያዩዋት ምንም አይደለችም። ቀጥ ያለ ቀጭን እንጨት፣ በእሱ ላይ የተሰካች ክብ ነገር፣ ክሩ የሚያዝባት ጫፍ። በቃ። ዘበኛም ቢሆን በአንድ ከሰዓት በኋላ ጠርቦ የሚጨርሳት ትመስላለች። ግን እያንዳንዷ ነገር ምክንያት አላት።

ክቧ ክብደት ናት። ብስክሌት ገልብጦ ጎማውን በእጁ ያሾረ ልጅ ነገሩን ያውቀዋል፤ ክብደቱ ዳር ላይ ስለሆነ እጅህን ካነሣህም በኋላ ጎማው መዞሩን አይተውም። የእንዝርቷም ክብ ሥራ ይኸው ነው፤ የእጅን አንድ ግፊት ተቀብላ ወደ ብዙ ዙር ትለውጣለች። ሰፊና ከባድ ከሆነች ዝግ ብላ ረጅም ጊዜ ትዞራለች። ይሄ ለወፍራም ክር ይመቻል፤ ለጋቢና ለቡሉኮ። ትንሽና ቀላል ከሆነች ደግሞ በጣም ፈጥና ትሾራለች። ይሄ ለቀጭን ክር ነው። ጥጥ እንደ በግ ጠጉር ረጅም አይደለም፤ አንዷ ጭረት ብትለካ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ብትሆን ነው። እንዲህ ያለ አጭር ነገር ተያይዞ ክር እንዲሆን ብዙ ጊዜ መከረር አለበት። ቀጭን የጥጥ ክር በከባድ እንዝርት ልፍተል ያለ ሰው፣ ክሩ ሳይከር ክብደቱን መሸከም አቅቶት ይበጠስበታል።

ዘንጉ ደግሞ ሁለት ሥራ ነው ያለው። ክሩ ሲከር መሽከርከሪያ ነው፤ ክሩ ከከረረ በኋላ መጠቅለያ ነው። አኮ ክሩን ከዘንጉ ጫፍ አቅጣጫ ይዘው ሲያሾሩ ይከራል። ያንኑ ክር ወደ ጎን አዙረው ሲይዙት ይጠቀለላል። የእጃቸውን አቅጣጫ ብቻ ነው የሚቀይሩት። አንዲት እንጨት፣ ሁለት መሣሪያ። ክሩ እየተጠቀለለ በሄደ ቁጥር እንዝርቷም እየከበደች ትሄዳለች። ስለዚህ ጥሩ እንዝርት ባዶዋን ስትሆን ቀለል ማለት አለባት። ጎበዝ ፈታይ መቼ እንደምትራገፍ በእጇ ክብደት ታውቀዋለች።

አሁን ወደ ሙጫው ልመለስ። የአኮ እንዝርት ዘንግ ወደ አንድ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል። ክቧ በቀጭኑ በኩል ትገባና እየወፈረ ሲመጣ አንድ ቦታ ላይ በራሷ ጥብቅ ብላ ትቆማለች። ሚስማር የለ፣ ሙጫ የለ። ስትፈልግ ታወጣታለህ፤ ዘንጉ ቢሰበር ሌላ ዘንግ ትሰካባታለህ። የአኮ እናት ክብ የሦስተኛ ዘንግ ባለቤት መሆኗን የሰማሁት ያኔ ነው። መያያዣዋ ላላ ያለ መምሰሉ ጉድለት አልነበረም፤ ሠሪው አስቦበት ያደረገው ነው። ያጣበቁልን ሰዎች ግን ክቧን የሩዝ ፍሬ ውፍረት ያህል አዛንፈው፣ ላትነቀል ደፈኗት። በዓይን አይታይም። ግድግዳ ላይ ብትሰቀል ማንም አይለየውም። ሲያሾሯት ብቻ ነው ጉዱ የሚወጣው።

የዚህ ጽሑፍ ነገርም ይኸው ነው። ዕቃ ሲሰቀል የማይታይ፣ ሲሠራበት ብቻ የሚታይ ነገር አለው። እኛ ደግሞ መስቀል ወደናል።

*

ልብ ብላችሁ እንደሆነ የባህል ምግብ ቤት፣ የሆቴል መግቢያ፣ የድግስ አዳራሽ፣ አንዳንዴም የባለሥልጣን ቢሮ እንዝርት ተሰቅሎበታል። ከጎኑ ወንፊት፣ አገልግል፣ የተሰነጠቀ ማሰሮ። ከእንዝርቷ ጋር ደጋኗን፣ መዳመጫዋን፣ አመልማሎዋን አስቦ የሰቀለ ግን እምብዛም አላየሁም። እንዝርት እኮ ብቻዋን ትርጉም የላትም። ጥጡ መጀመሪያ ለስላሳ ድንጋይ ላይ በብረት መዳመጫ እየተዳመጠ ፍሬው ይወጣለታል። ከዚያ በደጋን ይነደፋል፤ የደጋኑ ጅማት እየነዘረ ጥጡን ደመና እስኪመስል ያፍታታዋል፤ ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶው ተጠቅልሎ አመልማሎ ይሆናል። እንዝርቷ የምትገባው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከእንዝርት ቀጥሎ ልቃቂት አለ፣ ድርና ማግ አለ፣ ቀሰምና መወርወሪያ አለ። እንዝርትን ነጥሎ መስቀል ከዓረፍተ ነገር መሃል አንድ ቃል ቆርጦ በፍሬም እንደማስቀመጥ ነው።

ከተማችን ውስጥ ያለውን የወለጋ ሙዚየም ከዚህ ወቀሳ ላወጣው እፈልጋለሁ። የአካባቢውን የኑሮ ዕቃ በየሙያው ሰብስቦ፣ የፈትልን ሥራም ከሌሎች የእጅ ሥራዎች ጋር አስቀምጦ ማቆየቱ ትልቅ ነገር ነው። ዕቃው በተሰበሰበበት አገር ውስጥ መቆየቱ ራሱ ዋጋ አለው። ነገር ግን ማንኛውም ሙዚየም፣ የነቀምቴም ሆነ የለንደን፣ መስታወት ውስጥ የሚያስገባው ዕቃውን እንጂ ዙሩን አይደለም። ዙሩ የሚቀመጠው በሰው እጅ ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት “ዕቃው አለ ወይ?” ብቻ አይደለም። “የሚያሾረው አለ ወይ?” ነው።

ፈረንጆቹ በዚህ በኩል ሊያስተምሩን የሚችሉት ነገር አለ። አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ ትልቅ ጎማ ያለውን የድሮ መፍተያ የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ። የዚያ መፍተያ ምሥጢር ቀላል ነው፤ እንዝርቷን አጋድመህ ትተክላታለህ፣ በገመድ ከትልቅ ጎማ ጋር ታገናኛታለህ። ጎማው አንዴ ሲዞር እንዝርቷ ብዙ ጊዜ ትዞራለች። ከእስያ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ13ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ ታወቀ፤ ኋላ በእግር መርገጫ ተጨመረለትና ሁለቱም እጅ ነፃ ሆነ። እነዚህ ሰብሳቢዎች አንድ መፍተያ ሲያገኙ ጎማው ተጣሟል ወይ፣ አካሉ ሁሉ የራሱ ነው ወይ፣ ከሌላ ተወስዶ የተገጠመበት አለ ወይ ብለው ይመረምራሉ። ከሁሉም በላይ ግን አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ፦ “ይፈትላል?” የማይፈትል ከሆነ እንደ ቤት ጌጥ እንጂ እንደ መፍተያ አይቆጥሩትም።

ሌላም አለ። ከእነዚያ መፍተያዎች ብዙዎቹ ላይ የሠሪው ስም፣ ወይም የስሙ የመጀመሪያ ፊደል፣ እንጨቱ ላይ ታትሞ ይገኛል። ሁለት መቶ ዓመት አልፎት እገሌ የሚባለው አናጢ ሥራ ነው ይባላል። የአኮን እናት እንዝርት ማን ጠረባት? ቀንዱን ማን ቆረጠ? ማን አለዘበ? ማን መሃሉን በስቶ ሚዛን ጠበቀ? አኮን ጠየቅኳቸው። “ሠሪ ሠራት” አሉኝ። በቃ። ሠሪ ሠራት።

*

ይህ የስም ማጣት ነገር ድንገት የመጣ አይደለም። እኛ አገር ፈትልና ሽመና እንግዳ ዕጣ ነው የገጠማቸው።

ሙያው ጥንታዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ4ኛው ክፍለ ዘመን የነገሠው ንጉሥ ዒዛና ስለ ሜሮዌ ዘመቻው ባስቀረጸው የድንጋይ ጽሑፍ ላይ ካጠፋቸው ነገሮች መካከል የእህልና የጥጥ ማከማቻ ተጠቅሷል። በአክሱም ቁፋሮም የእንዝርት ክቦች ተገኝተዋል። እንጨቱ በስብሶ ሲጠፋ ክቧ ቀርታለች። ከዚያ ወዲህ ፈትል የክብር ሥራ ሆኖ ቆይቷል። “ቀጭን ፈታይ” ማለት ሙገሳ ነው። ከድሃዋ ጎጆ እስከ መኳንንቱ ቤት እመቤት ትፈትል ነበር። በቤተ ክርስቲያን ትውፊትም መልአኩ ገብርኤል ሊያበሥራት ሲመጣ እመቤታችን ሐርና ወርቅ አስማምታ ስትፈትል እንዳገኛት ይነገራል፤ ሠዓሊዎቻችንም ፈትሏን ይዛ ይሥሏታል። መጽሐፈ ምሳሌ 31 ላይ ስለ ባለሙያዋ ሴት የሚናገረውን አማርኛ ስታነቡም እንዝርትና አመልማሎ ታገኛላችሁ። በሌላው አገር ቋንቋ ጥጡ ወይም ጠጉሩ የሚታሰርበት ዘንግ የተባለው ነው በእኛ አመልማሎ የሆነው። ተርጓሚዎቹ የሚያውቋትን ሴት ነው ያዩት፤ ዘንግ የላትም፣ አመልማሎ ይዛለች።

በአንጻሩ ያንኑ ክር ተቀብሎ ሸማ የሚያደርገው ሸማኔ ሲሰደብ ኖረ። እመቤቲቱ የፈተለችው ያስከብራል፤ እሱ የሸመነው ያሰድባል። ነገሩ ከመክፋቱ የተነሣ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መሳደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማወጅ ደረሱ፤ ሸማኔውን፣ ብረት ቀጥቃጩን፣ ነጋዴውን በየሙያው እየጠሩ። አዋጁ ታወጀ፣ ስድቡ ግን ወዲያው አልጠፋም። እንግዲህ ሸማኔው እንኳ ስድብ ደረሰው፤ ስድብም ቢሆን መጠሪያ ነው። እንዝርቷን የጠረበው ሰው ግን ስድብም አልደረሰው። ማንም አላስታወሰውም። ያለ እሱ ቀጭን ፈታይም፣ ሸማኔም፣ ለባሽም የለም።

ዛሬም ገበያ ሄዳችሁ የሀበሻ ልብስ ብትጠይቁ ነጋዴው በኩራት “ይሄ ፈትል ነው” ይላችኋል፤ በእጅ የተፈተለ ማለቱ ነው። ዋጋውንም ከፋብሪካ ክሩ ከፍ ያደርገዋል። ድሩ የፋብሪካ ሆኖ ማጉ ብቻ የእጅ ፈትል የሆነም ብዙ ነው። ከሁለቱ ሌላ ደግሞ ጥለቱ በማሽን የታተመበት ከውጭ የመጣ ጨርቅ በሽያጭ ላይ አለ። እኛ ለባሾቹ ልብሱን እንጂ እጁን አናውቅም። እጁን ካላወቅን እጁ የያዘውን ከየት እናውቃለን?

*

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ “ታዲያ ምን ይሁን? በእንዝርት ስንፈትል እንኑር?” ብሎ ሊቆጣ ይችላል። ቁጣው ተገቢ ነው፤ እኔም ፈትልን ከሚያሞካሹት ወገን ነኝ ብዬ አልምልም።

እውነቱን እንነጋገር። አንድን ሸማኔ ሥራ ላይ ለማቆየት ብዙ ፈታዮች ያስፈልጋሉ። የልብሱ ጊዜ የሚያልቀው መወርወሪያው ላይ አይደለም፤ እንዝርቷ ላይ ነው። ያ ጊዜ የማነው? የሴቶች ነው። እንጀራ ተጋግሮ፣ ውኃ ተቀድቶ፣ ልጅ ተኝቶ ከተረፈው ላይ የተቆረሰ ነው። “ቀጭን ፈታይ” የሚለው ሙገሳ ያማረ ገመድ ነው። ገመድነቱ ግን አይካድም። እንግሊዝ አገር በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሸማኔዎች ክር ሲያጥራቸው መፍተያውን የሚያፋጥን መሣሪያ እየተፈለገ፣ እየተሻሻለ፣ በመጨረሻ ፋብሪካ መጣ። እኛ አገር ጎማው መፍተያ በየቤቱ አልገባም። እኔ እንደሚመስለኝ አንዱ ምክንያት የሴቶች ጊዜ ዋጋ ያልተቆረጠለት መሆኑ ነው። ነፃ የሆነ ነገር ማን ይቆጥባል? እንደዚያው እንደቆየን በጣሊያን ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1939፣ የድሬዳዋው ፋብሪካ ተተከለ፤ በ1961 የባሕር ዳሩ ሥራ ጀመረ። ከእንዝርት ዘልለን ፋብሪካ ገባን። መሃሉ ባዶ ነው።

መሃሉ ባዶ እንዲሆን ያልፈለጉ ሰዎች ምን እንዳደረጉ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1929 የጋንዲ የፈታዮች ማኅበር ለተሻለ መፍተያ አንድ መቶ ሺህ ሩፒ ሽልማት አወጀ። ያን ጊዜ ይህ የሚያሰክር ገንዘብ ነው። ከገንዘቡ ይልቅ የሚገርመው ግን መስፈርቱ ነው። መፍተያው ቀላልና ከቦታ ቦታ የሚንቀሳቀስ ይሁን፤ በገጠር ጎጆ ውስጥ ይሥራ፤ አንዲት ሴት ብዙ ሳትደክም ስምንት ሰዓት ትሥራበት፤ ዋጋው ከ150 ሩፒ አይብለጥ፤ 20 ዓመት ያገልግል። አያችሁ? መስፈርቱ ከብረቱ አልጀመረም። ከሴትዮዋ ትከሻ ነው የጀመረው። ሽልማቱን የወሰደ አልተገኘም። ነገር ግን በዚያው ዘመን ጋንዲ የራቭዳ እስር ቤት ሳለ ተጣጥፎ ሳጥን ውስጥ የሚገባ መፍተያ ተሠራ፤ ሰው በብብቱ ይዞት የሚዞር። ጥያቄው በትክክል ስለተጠየቀ፣ ሽልማቱ ባይወሰድም ሥራው ወደፊት ሄደ።

እኛ አገርም አልፎ አልፎ የተሻሻለ መፍተያ ለሴቶች ማኅበራት በሥልጠና መልክ ቀርቧል። መቅረቡ መልካም ነው። ግን እንደ አኮ ያለች ሴት ዘንድ ሄዶ “እንዝርትሽ ለምን እንዲህ ሆነች? የቱ ያምሻል፣ ትከሻሽ ወይስ ወገብሽ?” ብሎ የጠየቀ ስንት ነው? ከእንዝርት የሚሻል ነገር ልሠራ የሚል ሰው መጀመሪያ እንዝርት ምን እንደምታደርግ ማወቅ አለበት። እንዝርት ያልታደለ ጎማ አይደለችም። መንገድ ላይ ይዘዋት የሚሄዱ፣ መብራት የማትፈልግ፣ መለዋወጫዋ ከጫካ የሚቆረጥ፣ ክብደቷ ከክሩ ጋር የተመዘነ መሣሪያ ናት። ከእሷ የሚበልጥ ለመሥራት እሷን ማክበር የግድ ነው። “ኋላ ቀር” ብሎ የጣላትም፣ “ቅርስ” ብሎ የሰቀላትም አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ሲያሾሯት አላዩም።

*

እኔስ ምን አደረግኩ? ዕዳ አለብኝ። ሙጫው አልለቅ አለ። በኃይል ቢላቀቅ ቀንዱ ይሰነጠቃል። ስለዚህ አኮን ይዤ ከሰፈራችን ብዙም ሳይርቅ ቶርኖ ያለው አናጢ ዘንድ ሄድኩ። የወንበር እግርና የአልጋ ጉልላት የሚያወጣ ወጣት ነው። የተጣበቀችውን እንዝርት አሳየነው።

“ይቺማ ቀላል ናት” አለ። በደቂቃዎች ውስጥ ክብ እንጨት አውጥቶ፣ መሃሉን በስቶ፣ ዘንግ ሰክቶ ሰጠን። አምራለች። ለስልሳለች። ቫርኒሽ ልቀባት ወይ ሲል አኮ እጁን ያዙት። ቁጭ ብለው አመልማሏቸውን ከነጠላቸው ጫፍ ፈቱና አሾሯት። ተወዛወዘች። ክሩ ተበጠሰ።

ወጣቱ ደነገጠ። “ክብ እኮ ናት!” አለ።

“ክብ ናት” አሉ አኮ። “መሃሏ ግን መሃል አይደለም።”

ሁለተኛዋን ሠራ። ይቺኛዋ አልተወዛወዘችም፤ ነገር ግን ከበደችና ክሩን ጎትታ በጠሰችው። ልጁ አሁን ሥራው ገባው። ቶርኖውን አጠፋ። ሦስተኛዋን ሲሠራ እየቆረጠ አኮ እጅ ላይ ያስቀምጥላት ጀመር፤ እሳቸው እየመዘኑ “ትንሽ አንሣላት” ይሉታል፣ ያነሣላታል። ዳሯን ሳይነካ ከሆዷ ላይ አሳሳላት። ዳሯ ላይ ክብደት እንዲቀር ማንም አልነገረውም፤ ከሁለቱ ከተበላሹት ነው የተማረው። ለወንበር እግር ሲሠራ ማንም እንዲህ አስጨንቆት እንደማያውቅ ነገረን።

ሦስተኛዋ ዞረች። ስትዞር የቆመች ትመስል ነበር። ክሩ ከአኮ ጣቶች መሃል እንደ ጢስ እየቀጠነ ወጣ፤ አልተበጠሰም። ልጁ ከእንጨት ብናኙ ውስጥ ቁጢጥ ብሎ ተቀምጦ ሲያይ አፉን ከፍቶ ቀርቷል። “አኮ፣ እኔም ልሞክር?” አላቸው። ሞከረ። በጠሰው። ሁላችንም ሳቅን።

ልንወጣ ስንል አኮ ቆሙና “እርሳስ የለህም?” አሉት። ሰጣቸው። እሳቸው መጻፍ ስለማይችሉ ለእኔ አቀበሉኝና “የልጁን ስም ጻፍባት” አሉኝ። “ሠሪ ሠራት እንዳይባል።” ሰውየው ልብ ብለው ሰምተውኛል ለካ፤ ያን ዕለት ጥያቄዬን በአንድ ቃል መልሰው ዝም ሲሉ ያልገባቸው መስሎኝ ነበር። ከክቧ ሥር፣ ክሩ በማይነካት በኩል፣ ስሙን ጻፍኩ።

የእናታቸው እንዝርት አሁንም መሶባቸው ሥር ናት። የባህል ቀን ሲደርስ ያ ሰው እንደገና መጥቶ ጠየቀኝ፤ ለአኮ ነገርኳቸው። የተጣበቀችዋን አውጥተው ሰጡኝ።

“እንግዲህ ይቺን ይስቀሏት” አሉ። “ሥራ ያላትን ግን እንዳትነኩብኝ። ያማራችሁ እንደሆነ ጥጡንም እኔንም ውሰዱና ስፈትል እዩ።”

ጥሪውን ለአዘጋጆቹ አድርሻለሁ። መልሳቸውን ገና እየጠበቅን ነው። በርጩማዋን ግን እኔ እሸከማለሁ ብያለሁ፤ ዕዳዬ ነውና።